ሬዲዮ ከጆሮ ወደ መንገድ ሲወጣ፦ የከተማ ጩኸት ክርክር ከየት ጀመረ?

በአዲስ አበባ የድምፅ ብክለት ወቅት እየጠበቀ የሚመጣ አጀንዳ ሆኗል። አንድ ሰሞን ደንብ አስከባሪዎች ከሱቅ ደጃፍ ሞንታርቦ ሲያነሡ እናያለን። ሌላ ሰሞን የምሽት ቤቶች ይታሸጋሉ። ከዚያ የቤተ እምነቶች ድምፅ ማጉያ ይነሣና ማኅበራዊ ሚዲያው ለሁለት ይከፈላል። ነገሩ ጥቂት ቀን ይሞቅና ይበርዳል። ስፒከሩም ተመልሶ ይሰቀላል።

በዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ ሁለት ነገሮች ተደባልቀው ይቀርባሉ። አንደኛው «ድሮ ከተማው ጸጥ ያለ ነበር» የሚለው ነው። ሁለተኛው ድምፅ ሁሉ አንድ ተደርጎ መታየቱ ነው። የቆራሌው ጥሪ፣ የወያላው «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!»፣ የሚኒባሱ ክላክስ፣ የሙዚቃ ቤቱ ስፒከር በአንድ ቅርጫት ይገባሉ። በባሕርያቸው ግን አንድ አይደሉም። ቆራሌው ሲደክመው ዝም ይላል። ስፒከር አይደክመውም።

ይህ ልዩነት በከተማ ኑሮ ውስጥ የገባው ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ፣ ሬዲዮ በተስፋፋበት ዘመን ነው። ያን ዘመን በጥሩ ሁኔታ መዝግባ ያስቀመጠችው ኒው ዮርክ ስለሆነች መጀመሪያ እሷን እንይ። ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ታሪኩ በተገላቢጦሽ እንደተጓዘ እናገኘዋለን። (የፈረንጅ ዘመን በተጠቀምኩበት ቦታ ሁሉ እ.ኤ.አ. ብዬ ለይቻለሁ።)

መጀመሪያ ላይ ሬዲዮ ጎረቤት አይረብሽም ነበር

ኬዲኬኤ የተባለው የፒትስበርግ ጣቢያ ኅዳር 2 ቀን 1920 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ውጤት በአየር ላይ አሰማ። የመደበኛ ሬዲዮ ሥርጭት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያች ምሽት ነው። የዚያ ዘመን አድማጭ የነበረው መሣሪያ ግን ዛሬ ሬዲዮ ስንል የምናስበው ዓይነት አልነበረም። ብዙው ሰው የሚጠቀመው «ክሪስታል» የሚባለውን ነበር። ትንሽ የማዕድን ቁራጭ፣ የተጠመጠመ ሽቦ፣ ረጅም አንቴና እና የጆሮ ማዳመጫ። ባትሪ እንኳ አይፈልግም። የሚሠራው ከአየር ላይ በሚለቅመው ኃይል ብቻ ነው።

ኃይሉ ትንሽ ስለሆነ ድምፁም ትንሽ ነው። የሚሰማው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ የደፋው ሰው ብቻ ነበር። ቤተሰብ ሁሉ እንዲሰማ ከተፈለገ አንድ ዘዴ ነበረች። ማዳመጫውን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ያስቀምጡታል። ሳህኑ ድምፁን ትንሽ ያጎላዋል። ሰዎች ጠረጴዛውን ከበው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጣሉ። ሬዲዮ በዚያን ጊዜ ቤትን ጸጥ የሚያሰኝ ዕቃ ነበር። ልጅ ካለቀሰ ዜናው አመለጠ ማለት ነው።

ነገሩ የተለወጠው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. ራይስ እና ኬሎግ የተባሉ ሁለት የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች አዲስ ዓይነት ድምፅ ማጉያ አስተዋወቁ። ማግኔት መሐል የሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅል አለው። ጥቅሉ ደግሞ የወረቀት ሾጣጣ ይገፋል። ይህ አሠራር እስከ ዛሬ አልተቀየረም። መርካቶ ሱቅ በር ላይ የቆመው ሞንታርቦ ውስጡ ቢከፈት የሚገኘው ያው ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከግድግዳ ሶኬት የሚሠሩ ሬዲዮኖች ገበያውን ያዙ። ባትሪ ያልቃል ብሎ መቆጠብ ቀረ።

ቁጥሩ ፍጥነቱን ያሳያል። በ1922 እ.ኤ.አ. በመላ አሜሪካ ሬዲዮ የነበራቸው ቤተሰቦች 60 ሺህ ገደማ እንደነበሩ ይገመታል። በ1930 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራ ግን 12 ሚሊዮን ቤተሰብ ሬዲዮ እንዳለው ተመዘገበ። ከ100 ቤተሰብ 40 ማለት ነው። ስምንት ዓመት ብቻ!

የሬዲዮ ሱቆች ሰፈር

በማንሃተን ደቡብ ጫፍ ኮርትላንት የሚባል ጎዳና ነበር። ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሬዲዮ ሱቆች እየተከታተሉ ከፈቱበትና ሰፈሩ በሙሉ «የሬዲዮ ተርታ» ተባለ። መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ እንደምንለው ነው። ሱቆቹ ጎን ለጎን ተጣብቀዋል። እያንዳንዱ ባለሱቅ ዕቃው እንደሚሠራ ማሳየት አለበት። እንዴት ያሳያል? ስፒከሩን በሩ ላይ አውጥቶ ይሰቅላል። የጎኑ ሱቅ ሌላ ጣቢያ ከፍቷል። ማዶ ያለው ሦስተኛ። መንገደኛው አምስት ዘፈን በአንድ ጆሮ እየሰማ ያልፋል።

ያ ሰፈር እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆየና ለዓለም ንግድ ማዕከል ሕንጻዎች ቦታ ለመልቀቅ ፈረሰ።

እዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት አመለካከቶች አሉ፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። ለአካባቢው ነዋሪና ለቢሮ ሠራተኛ ስፒከሩ ያልተጋበዘ እንግዳ ነው። ጆሮ እንደ ዓይን ክዳን የለውም። አልሰማም ብሎ መዝጋት አይቻልም። በሌላ በኩል ሬዲዮ መግዛት ላልቻለ ሰው የሱቁ በር ነፃ አዳራሽ ነበር። የቤዝቦል ፍጻሜ ጨዋታ ወይም ትልቅ የቦክስ ግጥሚያ ባለ ቀን ሕዝቡ የሱቅ ደጃፍ ላይ ተሰብስቦ በጆሮው «ያይ» ነበር። በየሰፈራችን የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ የሚያሳዩ ቤቶች ደጃፍ የሚቆሙትን ልጆች ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንዱ ጩኸት የሚለው ለሌላው መዝናኛ ነው።

ጩኸት የተለካበት ዓመት

የኒው ዮርክ ጤና ኮሚሽነር የነበሩት ሸርሊ ዊን በ1929 እ.ኤ.አ. አንድ ኮሚሽን አቋቋሙ። ሥራው ጩኸትን መቀነስ ነው። ከዚያ በፊትም ጩኸት የሚቃወሙ ማኅበራት ነበሩ። የዚህ ኮሚሽን ልዩነቱ መለኪያ መያዙ ነው።

መለኪያው ዴሲቤል ይባላል። የድምፅን ጥንካሬ የምንናገርበት አሃድ ነው። የመጣው ከስልክ ቤት ነው። የቤል ኩባንያ መሐንዲሶች በረጅም የስልክ ሽቦ ላይ ድምፅ ምን ያህል እንደሚደክም ለማስላት ያወጡት ነበር። ኮሚሽኑ መሣሪያውን ጭነት መኪና ላይ ጫነ። መኪናው በከተማው ውስጥ ከ500 ማይል በላይ ተጉዞ በ138 ቦታዎች ለካ። የአንዳንዱ ጎዳና ጩኸት ከመበርታቱ የተነሣ ነብር መሐል መንገድ ላይ ቢያገሣ እንኳ መንገደኛው ልብ አይለውም ነበር ሲል ኮሚሽኑ ጻፈ። ለነብሩ ያዘነ ሰው አልነበረም መሰለኝ።

ከመለካቱ ጎን ለጎን በጋዜጣ መጠይቅ ወጣ። ከ11 ሺህ በላይ ቅሬታ መጣ። ውጤቱ እንዲህ ነበር። ከቅሬታው 36 በመቶ ገደማ የሚሆነው የመኪና ትራፊክ ነው፤ ጭነት መኪና፣ ክላክስ፣ የሞተር ጩኸት። 16 በመቶው ባቡርና ትራም ነው። ሦስተኛው ሬዲዮ ነበር፤ በቤት፣ በመንገድና በሱቅ የሚሰማው ሁሉ ተደምሮ 12 በመቶ ከፍ ይላል። የሰውና የእንስሳ ድምፅ፣ ማለትም የጋዜጣ ሻጭ፣ የአዟሪ፣ የውሻና የድመት ጩኸት ተደምሮ 7 በመቶ ብቻ ነው።

ይህን ቁጥር ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ሬዲዮ ሥርጭት ከጀመረ ገና አሥር ዓመቱ ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ በሰው ቅሬታ ሚዛን ላይ የአዟሪውን፣ የጋዜጣ ሻጩን፣ የውሻውንና የሰካራሙን ጩኸት አንድ ላይ አስከነዳ። ለዘመናት የከተማ ድምፅ ማለት የሰው ጉሮሮ፣ የእንስሳ ኮቴና የደወል ድምፅ ነበር። ከዚያ በኋላ ማሽን ሆነ።

አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቅሬታ መለኪያ አይደለም። ሰው የሚያማርረው በጣም በሚጮኸው ላይ ብቻ አይደለም፤ ሊቀር ይችላል ብሎ በሚያስበው ላይም ነው። ባቡር ቢያደነቁርም ወደ ሥራ ያደርሳል። የጎረቤት ሬዲዮ ግን ቁልፉ ቢዞር ይቀንሳል። አለመቀነሱ ንቀት ይመስላል። ዛሬም ቢሆን ሰው ከአውራ ጎዳና ሲኖትራክ ይልቅ በጎረቤት ስፒከር የሚናደደው በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ከተማውም ሬዲዮን ይረብሽ ነበር

ብዙ ጊዜ የሚረሳ ገጽታ አለ። ሬዲዮ ከተማውን እንዳስጮኸ ሁሉ ከተማውም ሬዲዮውን ያስጮኸው ነበር።

የያኔው ሥርጭት ኤኤም በሚባለው ስልት ነው። ኤኤም ማለት መልእክቱ በማዕበሉ ቁመት መጨመርና መቀነስ ላይ የሚጫንበት ዘዴ ነው። ችግሩ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሁሉ ተመሳሳይ የቁመት ለውጥ መፍጠሩ ነው። ትራም ከላይ ሽቦው ጋር ሲፋተግ ብልጭ ይላል። የአሳንሰር ሞተር ሲነሣ ብልጭ ይላል። ሬዲዮው ዘፈኑን ከብልጭታው መለየት አይችልም። ሁለቱንም ያሰማል። ወፍጮ ቤት አጠገብ ያደገ የአገራችን አድማጭ ይህን ያውቀዋል። ወፍጮው ሲነሣ ዜናው በ«ጥጥጥጥ» ይዋጣል። ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1933 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ኤፍኤም ይህን ችግር ነው የፈታው። መልእክቱን በቁመት ፋንታ በማዕበሉ የድግግሞሽ ለውጥ ላይ ጫነ።

ሌላው ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላ ነገር ነበር። አንዳንድ የድሮ መቀበያዎች አለአግባብ ሲጎረጎሩ ራሳቸው ማሠራጨት ይጀምራሉ። ያን ጊዜ በሰፈሩ ያለ ሬዲዮ ሁሉ ፉጨት ያወጣል። አጥፊው ማን እንደሆነ አይታወቅም። የእንግሊዙ ቢቢሲ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አድማጮቹን ይህን እንዳያደርጉ በአየር ላይ ደጋግሞ ይለምን ነበር።

ይኸው ቢቢሲ በ1923 እ.ኤ.አ. መገባደጃ፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ እኩለ ሌሊት ላይ የቢግ ቤንን ደወል በሬዲዮ አሰማ። ሰፈሩ ውስጥ ብቻ ይሰማ የነበረ የከተማ ድምፅ በአንድ ጊዜ የአገር ሰዓት ሆነ። ሬዲዮ ድምፅን ከቦታው ይነቅለዋል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

አዲስ አበባ፦ ከነጋሪት ወደ አደባባይ

ጣሊያን መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በዚያው ቀን አዲስ አበባ ላይ፣ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ትልቁ ነጋሪት ተጎሰመ። ሕዝቡ ተሰበሰበ። የክተት አዋጁ በቃል ተነበበ።

ይህ የሆነው ሬዲዮ ስላልነበረ አይደለም። አቃቂ ላይ ጣቢያ ነበር። ግንባታው ተሰጥቶ የነበረውም፣ እንዳጋጣሚ ሆኖ፣ ለጣሊያን ኩባንያ ነበር። ጣቢያው ግን ፊቱ ወደ ውጭ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለዓለም ሕዝብ የተናገሩበት፣ የውጭ ጋዜጠኞች ወሬ ያስተላለፉበት ነበር። በከተማው ውስጥ መቀበያ ያለው ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለአሜሪካ ሰሚ ሬዲዮ ነበረ፣ ለአራዳ ሰው ግን ነጋሪት። ሁለት ዘመን በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሰሞን።

ከነጻነት በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም. ሬዲዮ በአነስተኛ ማሠራጫ እንደገና ጀመረ። መቀበያ ያለው ሰው አሁንም ጥቂት ስለነበር አደባባዮች ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቀለ። ሰው ቆሞ ዜና ይሰማል፤ ዘፈን ይሰማል።

ታሪኩ በተገላቢጦሽ ሄደ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። የኒው ዮርኩ ሰው ሬዲዮን መጀመሪያ ያወቀው በጆሮው ላይ፣ ለብቻው፣ በፈቃዱ ነው። ወደ መንገድ የወጣው በኋላ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ሲያገኘው «ይህ የግል ዕቃ እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ። አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ግን ሬዲዮን ያወቀው አደባባይ ላይ፣ ከላይ ተሰቅሎ፣ በመንግሥት ድምፅ ነው። ወደ ቤት የገባው በኋላ ነው። ከላይ የተሰቀለ ስፒከር የነጋሪቱን ወንበር ወረሰ። አዋጅ ነው። አዋጅን ደግሞ ቀንስልኝ አይሉትም። ዛሬ ስፒከር ሰቅሎ የሚያሰማ ሰው ብዙ ጊዜ ራሱን እንደ ረባሽ የማያየው፣ ጎረቤቱም ሄዶ ለመናገር የሚያመነታው ለዚህ ጭምር ይመስለኛል። ይህ የጸሐፊው ግምት ነው፤ ኑሮ መጥበቡና ሕግ አለመከበሩ ይበልጥ ያስረዳል የሚል ሰው ቢኖር አልከራከረውም።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ለብዙ አንባቢ የታወቀ ነው። ቡና ቤቶች ትልልቅ ሬዲዮ ደርድረው ደንበኛ ሳቡ። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አልጋ ወራሹ ያነበቡትን መግለጫ ከተማው የሰማው በሬዲዮ ነው። በ1955 ዓ.ም. ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ሥርጭት ጀመረ፤ በ1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የንጉሡ መውረድ የታወጀው በሬዲዮ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሰው ጆሮውን አሠልጥኖ ነበር። ሬዲዮው ከወትሮው ውጪ ማርሽ ብቻ ማሰማት ከጀመረ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ትራንዚስተር ሬዲዮ በበኩሉ ሽቦና ሶኬት የማይፈልግ፣ በብብት የሚያዝ ስለሆነ ሬዲዮን ወደ ሊስትሮው፣ ወደ ዘበኛው፣ ወደ ጉልት ቸርቻሪዋ አወረደው።

ቀጥሎ የካሴት ዘመን መጣ። ፒያሳና መርካቶ ያሉ ሙዚቃ ቤቶች የኮርትላንትን ባለሱቆች ሳያውቋቸው ደገሟቸው። አዲስ ካሴት ሲወጣ ስፒከር በር ላይ ይወጣል። ጎን ያለው ሌላ ካሴት ይከፍታል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ኤፍኤም ጣቢያዎች ሲበዙ ሬዲዮ ታክሲ ውስጥ ገባ። ተሳፋሪው የአውሮፓ እግር ኳስ ትንታኔ እየሰማ፣ በላዩ ላይ ወያላው እየተጣራ፣ በላዩ ላይ ክላክስ እየተነፋ ይሄዳል።

እና ድሮ ጸጥታ ነበር? ሙሉ በሙሉ አይደለም። ሌሊቱ የጅብና የውሻ ነበር። ማለዳው የላሊበላዎቹ ዜማ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወልና የአዛን ነበር። ቀኑ የአህያ ነጂ፣ የአዟሪና የልዋጭ ነበር። ሠርግም ለቅሶም ድምፅ ነበረው። ልዩነቱ እነዚህ ድምፆች ሁሉ ልክ ነበራቸው። ደክመው ያቆማሉ። ርቀው ይጠፋሉ። ከማን እንደመጡም ይታወቃል።

ለምን ሁሉም ድምፁን ይጨምራል?

ኤትየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ የጆሮ ሐኪም በ1911 እ.ኤ.አ. አንድ ነገር አሳየ። ሰው በጩኸት መሐል ሲናገር ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ጩኸቱ ሲቆም ዝቅ ያደርገዋል። ዛሬ የእሱን ስም ይዞ «የሎምባርድ ውጤት» ይባላል። አንድ ሱቅ ስፒከር ሲያወጣ ሌላው የሚጨምረው በዚሁ መንገድ ነው። ወያላው ስፒከሩን ለመብለጥ ይጮሃል። ሰባኪው መንገዱን ለመብለጥ ማይክ ይይዛል። ማንም ክፉ ሳይሆን ሁሉም ያደነቁራል።

ሁለተኛው ምክንያት የዴሲቤል ሒሳብ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም። 70 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር ላይ ሌላ 70 ቢጨመር 140 አይሆንም። 73 ነው የሚሆነው። ጉልበቱ በአሥር እጥፍ ሲያድግ ቁጥሩ በ10 ይጨምራል። ጆሯችን ደግሞ ያንን በግምት እንደ እጥፍ ብቻ ይሰማዋል።

ይህ ለሕግ አስከባሪ ትልቅ ትርጉም አለው። አንድ መንገድ ላይ እኩል የሚጮሁ አሥር ስፒከሮች አሉ እንበል። አንዱን ብትወርሱ ጩኸቱ የሚቀንሰው በግማሽ ዴሲቤል ገደማ ነው። ማንም አይሰማውም። አምስቱን ብትወርሱ እንኳ 3 ዴሲቤል ነው። የዘመቻ ሥራ ፍሬ የማይታይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የተወረሰበት ሰው ይጎዳል፣ መንገዱ ግን እንደነበረው ይጮሃል። አሥሩም አንድ ላይ ቢቀንሱ ግን ለውጡ ወዲያው ይታወቃል።

አቀማመጥም ለውጥ ያመጣል። ክፍት ቦታ ላይ ከምንጩ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ 6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ማማ ላይ ወይም ፎቅ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ቀንድ መሳይ ማጉያ የሚያግደው ግድግዳ ስለሌለ ሩቅ ይሄዳል። ቀንድ መሳዩ ደግሞ የሚያጎላው ጆሯችን በጣም ንቁ የሆነበትን የመካከለኛውን ድምፅ ነው። ስለዚህ ሳይጠፋ፣ ዝቅ ብሎና ወደ ግቢው ውስጥ ዞሮ ቢሰቀል ብቻ ሰፈሩ ልዩነቱን ያየዋል። የምሽት ቤት ችግር ሌላ ነው። እዚያ የሚያስቸግረው ቤዝ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ ነው። ቤዝ ግድግዳ ያልፋል። በተለምዶ የምንጠቀምበት የመለኪያ ዓይነት ደግሞ ቤዝን አሳንሶ ነው የሚያነበው። «ለክተን ከደረጃ በታች ነው» የሚለው ባለሥልጣንና «አልጋዬ ይንቀጠቀጣል» የሚለው ነዋሪ ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ።

ማን ዝም ይበል?

ኢትዮጵያ ሕግ አላት። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከእሱ ጋር የተያያዘው የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ይላል። ለንግድ አካባቢ 65 እና 55 ነው። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት ይጀምራል። ቁጥሮቹ ጥብቅ ናቸው። 55 ዴሲቤል ጸጥ ካለ የቤት ውስጥ ጨዋታ ብዙም አይርቅም። ይህን ቃል በቃል እናስከብር ቢባል አንድም አውራ ጎዳና ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም አያልፍም። ሁሉም ጥፋተኛ በሆነበት ቦታ ደግሞ ማን እንደሚቀጣ የሚወስነው መለኪያው ሳይሆን መራጩ ነው።

ኒው ዮርክ ይህን አይታዋለች። በቅሬታው አንደኛ የነበረው ትራፊክ ነው። ከንቲባ ላጋርዲያ በ1935 እ.ኤ.አ. «ጩኸት የሌለባቸው ሌሊቶች» የሚል ዘመቻ ጀመሩ፤ በ1936 እ.ኤ.አ. ፀረ ጩኸት ደንብ ወጣ። በዚያው ሰሞን የመንገድ ኦርጋን እያሽከረከሩ ሳንቲም የሚለምኑ ሙዚቀኞች ፈቃዳቸው ቀረ። የጋሪ ነጋዴዎች ጣሪያ ወዳላቸው ገበያዎች እንዲገቡ ተደረገ። ደንቡ ክላክስንና ሬዲዮን ነክቷል። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ከመንገድ የጠፋው የድሃው ድምፅ ነው። መኪናው ቀረ፤ ኦርጋኑ ሄደ።

በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ በተሠሩት መንገዶች ላይ ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ደጋፊዎቹ የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፣ ግፊያው ቀነሰ፣ ሰው በሰላም ይሄዳል ይላሉ። እውነት ነው። ተቺዎቹ ደግሞ አዟሪው፣ የጀበና ቡናዋ፣ የሙዚቃ ቤቱ ከቦታቸው ሲነሡ የሰፈር ድምፅም አብሮ ተነሣ ይላሉ። ይህም እውነት ነው። በአንዳንዱ ጎዳና አሁን የሚሰማው የመኪና ጎማና የፏፏቴ ውኃ ነው። ጸጥታ ነው ለማለት ግን ማታ ወደ መንደሩ ውስጥ መግባትና የምሽት ቤቶቹን መስማት ያስፈልጋል።

የቤተ እምነት ድምፅ ማጉያ ከሁሉ ይከብዳል። ለምእመኑ ድምፁ ራሱ የእምነቱ ክፍል ነው። ለሌሊት ተረኛ ነርስ፣ ለሕፃን እናት፣ ለበሽተኛ ግን እንቅልፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሌሊት ጩኸትን ከእንቅልፍ መታወክና ከልብ ሕመም ጋር ያያይዘዋል። በዚህ ጉዳይ ላይ በእምነት ስም የሚደረግ ክርክር መቋጫ የለውም፤ ደወልም አዛንም ከስፒከር በፊት ነበሩና። ክርክሩ ስለ ማጉያው ቁመት፣ አቅጣጫና ሰዓት ቢሆን ግን መልስ አለው። ይህን የእምነት አባቶች ራሳቸው በየአጥቢያቸው ሊወስኑት ይችላሉ፤ ከላይ በደንብ ከሚመጣ ይልቅ ያ የሚሠራ ይመስለኛል።

ቀጣዩ ስፒከር

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቁጥር በከተማው ውስጥ በፍጥነት እየጨመረ ነው። ይህ ጩኸቱን ይቀንሰዋል? በከፊል። ቀስ ብሎ በሚሄድ መኪና ላይ የሚሰማው ሞተሩ ስለሆነ በመንደር ውስጥ፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በተጨናነቀ መስቀለኛ መንገድ ላይ ለውጡ ይታወቃል። ፍጥነት ሲጨምር ግን ሞተሩን የሚበልጠው የጎማው ድምፅ ነው። ቀለበት መንገድ ላይ ብዙም ልዩነት አይኖርም። ክላክስ ደግሞ በባትሪም ይሠራል።

የመኪናው ጸጥታ የራሱን ችግር ይዞ መጥቷል። መንገድ በጆሮው የሚሻገር ዓይነ ስውር መኪናው መምጣቱን አይሰማም። ስልክ እያየ የሚሄደውም አይሰማም። የአውሮፓ ኅብረት በዚህ ምክንያት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሞዴሎች ቀስ ብለው ሲሄዱ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያወጡ አስገድዷል። አሜሪካም ተመሳሳይ ደንብ አላት። ድምፁን የሚያወጣው ከመኪናው ፊት የተገጠመ ትንሽ ስፒከር ነው። ወደ እኛ በሚገቡት መኪናዎች ላይ ስፒከሩ መኖሩን፣ መሥራቱን፣ ባለቤቱ እንዳላጠፋው ማየት የመንገድ ደኅንነት ሥራ ነው። የድምፅ ብክለት ተቆጣጣሪው ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ላይ መኖር ያለበት ስፒከር ይገጥመዋል፤ ከቀን 55 ዴሲቤሉ ጋር እንዴት እንደሚታረቅም ከወዲሁ መጻፍ ይኖርበታል።